ቀዩን አትጻፍ

የውሃ ድርጅት ባልደረቦቹ «ቆጣሪ» ይሉት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየገባ፣ የብረት ክዳን እያነሣ፣ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ስለኖረ የዕቃው ስም የሰውየው ሆኖ ቀረ። ጡረታ ከወጣ በኋላም ቅጽል ስሙ አልለቀቀውም፤ ሚስቱ እንኳ ስትናደድ «ይሄ ቆጣሪ» ትለዋለች፣ ስትታረቀውም እንዲሁ።

በሥራው የሚኮራበት ነገር አንድ ነበር፤ ተሳስቶ አያውቅም። በቆጣሪ ላይ ጥቁርና ቀይ ቁጥሮች አሉ። ጥቁሮቹ ሙሉውን ሜትር ኩብ ይናገራሉ፤ ቀዮቹ ሽርፍራፊውን፣ የባልዲና የጆግ ውሃውን። ሂሳብ የሚሠራው በጥቁሩ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ አንባቢ ቀዩን ከጥቁሩ አስከትሎ ጻፈና ብቻዋን በምትኖር አሮጊት ላይ የአንድ ሰፈር ውሃ ሂሳብ መጣባት። ሴትዮዋ ወረቀቱን ይዛ መሥሪያ ቤት ድረስ መጥታ «ልጆቼ፣ እኔ ዓሣ ነባሪ አላረባሁም» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነበር፤ «ጥቁሩን ጻፍ፣ ቀዩን አትጻፍ።»

ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ሲሞት የባሏ መሥሪያ ቤት የከፈላትን ካሳ እንዳለ ይዛ ወደ ወንድሟ መጣች። የምትፈልገው መስኮቱ ወደ መንገድ የሚከፈት ሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ በአንዱ ልትተኛ፣ በሌላው ልትሰፋ። ገንዘቡ ግን ጥቂት ጎደለ። «ትንሽ ይበርክት» አላትና ቆጣሪ በራሱ ምክር የአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ አክሲዮን አስገዛት። አንዱን በዘጠና ብር ገዙ። የካሳው ገንዘብ አንድ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ገባ።

ገበያውን ያወቀው ከጡረታ በኋላ ነው። የአክሲዮን ደላሎቹ ቢሮ ምድር ቤት ላይ አንድ ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ፊት ለፊት ዋጋ የሚያሳይ ሰሌዳ፣ ሥሩ የላስቲክ ወንበሮች፣ በስተቀኝ የመስታወት መስኮት። ወንበሮቹ ላይ የሚውሉት አብዛኞቹ ሥራ የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ከነሱ አንዱ የቀድሞ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ኋላ ልጁ ዘንድ ሊኖር ሌላ ከተማ ሄደ። የገንዘብ ፍሰትን ለቆጣሪ ያስተማረው እሱ ነው።

«ዋጋ ብቻ አትመልከት» አለው መምህሩ። «ዋጋ አፍ ነው፣ ገንዘብ እግር ነው። አፍ ያሻውን ይላል፤ እግር ግን ዱካው ይቀራል።»

«ዱካውን እንዴት ነው የማየው?»

«አንተ ውሃ ስታነብ የኖርክ ሰው እንዴት ይጠፋሃል? የቀኑን ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ ዋጋ ደምረህ ለሦስት አካፍል። ያገኘኸውን በቀኑ በተሸጠው አክሲዮን ብዛት አባዛ። ዋጋው ከትናንት ከበለጠ ያን ገንዘብ ‹ገባ› ብለህ ጻፍ፣ ካነሰ ‹ወጣ› በል። የአሥራ አራት ቀን ስትይዝ ከጠቅላላው ስንት መቶኛው እንደገባ አውጣ። ሰማንያ ካለፈ ጋኑ ሞልቷል፤ ከሃያ ከወረደ ደርቋል። ዋናው ግን ሁለቱ የተጣሉ ዕለት ነው። ዋጋ እየወጣ ገንዘብም እየወጣ ከሆነ ሽሽ።»

«ሁለቱም ከወጡ ምን ያጣላቸዋል?»

መምህሩ ሳቀ። «ቋንቋችን ነው የሚያሳስትህ። ዋጋ ሲወጣ ወደ ላይ ነው። ገንዘብ ሲወጣ ወደ ውጪ ነው።»

ይህች ቀልድ ቤት ገባች። እህቱ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ በሩ ላይ ሆና «ጋሼ፣ ዛሬ ወጣ?» ትለዋለች። «ወጣ» ይላል። «የትኛው ወጣ?» «ወደ ላይ!» ይላታል፣ ሦስቱም ይስቃሉ።

ደላሎቹ በየቀኑ አንድ ሉህ ያወጣሉ። ለየኩባንያው አንድ ረድፍ አለው፤ ሦስቱ ዋጋዎች፣ ቀጥሎ በጥቁር የተሸጠው አክሲዮን ብዛት፣ ከሥሩ ደግሞ በቀይ አንዲት ትንሽ ቁጥር። ቆጣሪ ሉሁን ቤት ይወስድና የሲሚንቶውን ረድፍ በመቀስ ቆርጦ ደብተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ከጎኑ በእርሳስ ያሰላል። የተረፈውን ወረቀት ሚስቱ የብርጭቆ መደርደሪያ ታነጥፍበታለች።

አንድ ቀን እህቱ ከትከሻው በላይ ሆና ስታይ ቆየችና ጣቷን ረድፉ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ቀይ ምንድን ናት?»

ጥቁሩ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ይላል። ቀዩ ሃያ ሁለት።

«እሷን ተያት» አላት ቀና እንኳ ሳይል። «ቀይ ሽርፍራፊ ነው። ቀይ አይጻፍም።»

እጇን አነሣች። እርሳሱ ሥራውን ቀጠለ።

አምስት ወር ዋጋው ሲወጣ ከረመ። መቶ፣ መቶ ሃያ፣ አንድ ቀን መቶ አርባ ሁለት። የቆጣሪ ደብተር ሰባ ሰባት፣ ሰባ ስምንት ይላል፤ ገንዘብ እየገባ ነው፣ ጋኑም ገና አልሞላም። አዳራሹ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጠው ሥጋ ሻጭ በየቀኑ «ቆጣሪ፣ ዛሬ ስንት ባልዲ ገባ?» እያለ ያሾፍበታል፤ ከዚያ ግን አንገቱን አስግጎ መልሱን ይሰማል። ቆጣሪ ከሞተሩ ቤት እስከ ቧንቧው አፍ ድረስ ሁሉን እንደሚያይ ሰው ነበር በዚያን ሰሞን። አረማመዱ ሳይቀር ወደ ሥራ ዘመኑ ተመለሰ።

ከዚያ ዋጋው ወደ ታች ዞሮ ሦስት ወር ወረደ። መቶ ሠላሳ፣ መቶ አሥራ አምስት፣ መቶ አራት። የመቶ አራቱ ሰኞ ሥጋ ሻጩ ተነሥቶ ወደ መስታወቱ መስኮት ሄደና ያለውን ሁሉ ሸጠ።

«ምነው ቸኮልክ?» አለው ቆጣሪ። «ፍሰቱ ስድሳ ሦስት ነው። ገንዘብ እየገባ ነው እኮ።»

«አንተ ውሃ ታውቃለህ፣ እኔ ሥጋ ሻጭ ነኝ» አለ ሰውየው ኮቱን እየለበሰ። «እኔ የማውቀው ሲሸት ነው።»

ማግስቱ ማክሰኞ እህቱ ከወትሮዋ ቀድማ መጣች። ቤቱ ተገኝቷል። ሁለት ክፍል፣ መስኮቱ ወደ መንገድ፣ የቤቱ ባለቤት አንዲት ነርስ ናት። የምትኖርበት ኪራይ ክፍል ደግሞ ሊፈርስ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ ተብላለች። የሽያጭ ማዘዣውን ከደላሎቹ ወስዳ፣ ፈርማ፣ በፖስታ ይዛ ነበር የመጣችው።

«ነርሷ እስከ ዓርብ ነው የምጠብቅሽ ብላኛለች፣ ጋሼ። ሌላ ገዢ አላት። ዛሬ ስንት ነው?»

«ዘጠና ሰባት።»

«ይበቃናል?»

«ይበቃል። ለበር ማስጠገኛም ይተርፋል።»

«ታዲያ እንሽጣ።»

ቆጣሪ ደብተሩን ገለጠ። «እዪ፣ እህትዓለም። ዋጋው ወርዷል። ፍሰቱ ግን ስድሳ አራት ነው፣ ከትናንት ጨምሯል። ሰው ፈርቶ ይጮሃል እንጂ ገንዘቡ እየገባ ነው። አንድ አዋቂ ዝም ብሎ እየሰበሰበ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ዋጋው ይመለሳል። አሁን ብንሸጥ ላንቺ የሚገባውን ለሱ ማጉረስ ነው።»

«እስከ ዓርብ ይመለሳል?»

«መቶ አሥርን ያልፋል። ቤቱንም ትገዣለሽ፣ አዲስ ማሽንም ትገዣለሽ።»

«አዲስ ማሽን አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መስኮቱን» አለች።

ሚስቱ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ዞር ሳትል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ለሁሉም ተረት አታጪም።»

«ተረት አይደለም። ብብትህን ያዝ ነው የምልህ፤ ያውም የሷን ብብት።»

እህቱ ሁለቱን እያየች ፈገግ አለች። ወንድሟ በልጅነቷ ጫማዋን ያስር፣ ደብተሯን ያርም የነበረ፣ ባሏ የሞተ ዕለትም ሬሳውን ለመረከብ ወረቀት የፈረመ ሰው ነው። በዕድሜዋ አንድ ነገር ራሷ ወስና ታውቅ እንደሆነ አታስታውስም።

«አንተ ካልክ» አለችና ፖስታውን ደብተሩ ላይ አስቀመጠችው። «ማዘዣው እዚህ ይቀመጥ። ስትፈልግ ታስገባዋለህ።»

ረቡዕ ዋጋው ሰማንያ ስምንት ሆነ። ቆጣሪ ሉሁን ቆርጦ፣ ለጥፎ፣ አሰላ፤ ከመቶው ስድሳ ሁለት። አሁንም ገብቷል። ልቡ ግን እንደ ድሮው አልተረጋጋም፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ አሰላው። ስሌቱ ልክ ነበር። ፖስታውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ መቀመጫ አልነበረም። ሰሌዳው ሰማንያ አንድ፣ ሰባ ስድስት፣ ሰባ አንድ እያለ ወረደ። ቆጣሪ ሰው እየገፋ መስኮቱ ዘንድ ደረሰና ማዘዣውን በመስታወቱ ሥር አሾለከ። የመስኮቷ ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት፤ ሲገባ ሲወጣ «አባባ» እያለች ትነሣለታለች። ማኅተሙን መታችና ሰሌዳውን ቀና ብላ አየች።

«አስገብቻለሁ፣ አባባ። ግን የሚገዛ የለም።»

«በሰባ አንድም?»

«በምንም።»

ዓርብ ከሲሚንቶው ስም ጎን ያሉት ሣጥኖች ሁሉ ባዶ ነበሩ። ግብይቱ ታግዷል። የፋብሪካው ምድጃ ከቆመ ወር እንዳለፈው፣ ዋናዎቹ ባለቤቶች ድርሻቸውን አውጥተው እንደጨረሱ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ያወራል። ነርሷ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ለሌላው ሰው ሸጠች።

ቆጣሪ ሕዝቡ ሁሉ እስኪወጣ ወንበሩ ላይ ቆየ። ከዚያ ደብተሩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አስረጂኝ። እኔ ፍሰቱን በየቀኑ ስጽፍ ነው የከረምኩት። አንድ ቀን አልዘለልኩም። ገንዘብ እየገባ እንዴት ይወድቃል?»

ልጅቷ ደብተሩን በመስታወቱ ሥር ሳበችና ገጹን ገለጠች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ገጽ። ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ነበር።

«አባባ፣ ቀዩንስ የት ደመሩት?»

«የቱን ቀይ?»

አልሳቀችበትም፣ አላዘነችለትም፤ በእርሳሷ ጫፍ ትንሿን ቁጥር ብቻ ነካች። «ይቺን። ሉሁ ግርጌ ላይ ተጽፏል እኮ።»

ሉሁ ግርጌ። ቆጣሪ ደብተሩን ተቀብሎ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ አልነበረችም። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ከሥራቸው የተነጠፈውን ወረቀት አወጣ። የብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። ጽሑፉ ግን ይነበባል፤ «በቀይ የተጻፈው ከሰሌዳው ውጪ በስምምነት የተሸጠ አክሲዮን ሲሆን በሺህ ይነበባል። የቀኑ ብዛት የሁለቱ ድምር ነው።»

በሺህ። ሃያ ሁለት ማለት ሃያ ሁለት ሺህ ነበር።

እዚያው ተቀምጦ እንደገና ማስላት ጀመረ። ቀይ የበዛባቸው ቀኖች ሁሉ ዋጋ የወረደባቸው ቀኖች ነበሩ። ዋጋው ከፍ ባለ ቀን ትንንሹ ሰው፣ እሱን የመሰለው፣ በጥቁሩ ሦስት ሺህ አራት ሺህ ይገዛል፤ ዋጋው በወረደ ቀን ባለቤቶቹ በቀዩ ሠላሳና አርባ ሺህ ይጥላሉ። ማክሰኞ ዕለት ስድሳ አራት ያለው ፍሰት ቀዩ ሲጨመርበት አሥራ አንድ ሆነ። ወደ ኋላ ሄደ። ዋጋው መቶ አርባ ሁለት የነበረ ዕለት፣ እሱ ሰባ ስምንት ብሎ በጻፈበት ገጽ ላይ፣ ሠላሳ አንድ ወጣ። መምህሩ ሽሽ ያለው ያን ዓይነቱን ቀን ነው። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ሦስት ወር ቀድሞ ነግሮታል፤ ቀን በቀን፣ በራሱ እጅ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነግሮታል።

በመካከል አንድ ነገር ትዝ አለውና እርሳሱን አስቀመጠ። በየግቢው ለስንት የቤት እመቤት እሱ ራሱ ሲናገር የኖረው ነገር ነው፤ ሂሳቡ በዛብኝ ሲሉት «ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና ቀዩን እይው። ቀዩ ከዞረ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው» ይላቸው ነበር።

ሚስቱ ስትመለስ ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ እሱ አሁንም ይጽፋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያረምኩ ነው።»

ደብተሩን አየች፣ ፊቱን አየች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልትል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። ብርጭቆዎቹን መልሳ በባዶው ጣውላ ላይ ደረደረች።

እህቱ ዘንድ የሄደው እሑድ ነው። ክፍሏ ግማሹ ታስሯል፤ የጨርቅ ቁርጥራጮች በቀለም በቀለም ተለይተው በፌስታል ተቋጥረዋል፣ የማሽኑ ራስ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከእግሩ ተለይቷል። በሩ ላይ ቆመ። ዛሬ ጠያቂዋ እሷ አልነበረችም።

«ወጣ» አላት።

የትኛው አላለችውም።

ገብቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ደብተሩን ከፈተ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ሊያስረዳት፣ ጥቁሩን ከቀዩ ለይቶ ሊያሳያት አስቦ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ ደብተሩን በመዳፏ ከደነችው።

«ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለች። «ቀይዋን።»

ወቀሳ አልነበረበትም። መቀሷን የት እንዳስቀመጠች ድንገት ትዝ እንዳላት ሰው ነው ያለችው። ያን ቀን ምን ብሎ እንደመለሰላት ቆጣሪም አሁን ነው ትዝ ያለው።

«ለሰው አትናገር» አለችው። «ይስቁብሃል። ገበያው ወደቀ በላቸው፤ ለሁሉም ነው የወደቀው።»

ብትሰድበው፣ ብትጮህ፣ ደብተሩን ብትቀድደው ይሻለው ነበር። አቀርቅሮ ቀረ። እሷ ግን ተነሥታ የመጨረሻውን ፌስታል ቋጠረች።

ሰኞ እህቱን ወደ ቤታቸው ለማምጣት ጋሪ ተከራዩ። ሚስቱ ኮሪደሩን አጽድታ፣ የጫማውን መደርደሪያ አውጥታ ለማሽኑ ቦታ ለቅቃለች፤ ብርሃን ስለሌለው አምፖል ገዝታለች። ባለጋሪው ፊት ፊት ይጎትታል፣ ወንድምና እህት በግራና በቀኝ የማሽኑን እግር ደግፈው ይከተላሉ። አቋራጩ ነርሷ በሸጠችው ቤት በኩል ነበር። ቆጣሪ ሌላ መንገድ እንዳለ ለባለጋሪው ሊነግር ፈልጎ ነበር፤ ዙሪያ ጥምጥሙን ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ግን አላወቀም።

መስኮቱ ተከፍቷል። አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ቆማ መጋረጃ ትሰቅላለች፤ አንድ ሰው ከታች በርጩማውን ይዞላታል፣ የሆነ ነገር ብሏት ትስቃለች። እህቱ ማሽኑን ሳትለቅ ዘወር ብላ አየች። ዓይኗ ከዘንጉ እስከ መስኮቱ ግርጌ ወረደና ተመለሰ።

«አጥሯል» አለች።

«ምኑ?»

«መጋረጃው። አንድ ክንድ ያህል አጥሯል። ሳይለኩ ነው የቆረጡት።»

ቆጣሪ የማሽኑን እግር አጥብቆ ያዘ። ጋሪው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲያዘነብል ሁለቱም በአንድ ላይ ገፉ።